ቅዳሜ ጠዋት ጅማ ላይ አብሮ መሮጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ተሰባስበን እንሮጣለን። ማኅተም የለንም፣ ሊቀመንበር የለንም፣ መዋጮም የለብንም። ያለን አንድ የቴሌግራም ግሩፕና የማይቀር ቡና ነው። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘን የሚጠይቀን ነገር ተመሳሳይ ስለሆነ መልሱን አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ስጽፈው የገባኝ፣ ከጥያቄዎቹ ግማሾቹ ስለ ሩጫ አይደሉም። ስለ ሰው ናቸው። ማን ያናግረኛል? ጥለውኝ ቢሄዱስ? የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝስ?

የማውቀው ሰው የለም። ብቻዬን ብመጣ ይከብዳል?

የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ይከብዳሉ። አልዋሻችሁም። ሁሉም ሰው የሚተዋወቅ ይመስላል፣ እናንተ ደግሞ ስልካችሁን ትነካካላችሁ። እኔ የመጀመሪያ ቀን የጫማዬን ክር ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሦስት ጊዜ አስሬአለሁ። ላልቶብኝ አይደለም፣ እጄን የማደርግበት ጠፍቶኝ ነው።

ሩጫው ሲጀመር ግን ነገሩ ይቀላል። ከማያውቁት ሰው ጋር ካፌ ውስጥ ፊት ለፊት ተፋጦ መቀመጥ ጭንቅ ነው። ጎን ለጎን ሲሮጡ ግን ዓይን ለዓይን መተያየት የለም። ወሬ ሲያልቅ ዝም ይባላል፣ ዝምታውም አያሳፍርም፤ እየሮጣችሁ ነዋ! ትንፋሽ ያጠረው ሰው ለምን ዝም አልክ ተብሎ አይጠየቅም።

ለመክፈቻ «ስንት ኪሎሜትር ትሮጣለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ፈተና ይመስላል። «ከየት ሰፈር መጣህ?» ይበቃል። ፈረንጅ አራዳ ካለ አንድ ወሬ አለው፣ አጂፕ ካለ ሌላ። ቋንቋም አታስቡ። አማርኛና አፋን ኦሮሞ ተቀላቅሎ ነው የሚወራው፣ አንዳንዱ ሰው በአንዱ ጀምሮ በሌላው ይጨርሳል። «አካም ቡልቴ» ሲሏችሁ «ደህና» ብትሉም ማንም ቅር አይለውም። ዳገት ላይ «ጀባዱ!» ካሏችሁ ደግሞ በርቱ ማለታቸው ነው። ያን ጊዜ መልስ የሚሆን ትንፋሽ ስለማይኖራችሁ እጅ ማንሳት በቂ ነው።

ቀርፋፋ ነኝ። ጥላችሁኝ ትሄዳላችሁ?

በብዛት የምንጠየቀው ይሄ ነው። መልሱ፦ አይ።

ሁልጊዜ ከኋላ የሚሆን አንድ ሰው እንመድባለን። የሱ ሥራ የመጨረሻው ሰው እስኪገባ አብሮት መሆን ነው። ተራ ይዞ ይቀያየራል። ፈጣኖቹ ደግሞ ቀድመው ይሄዱና መታጠፊያው ላይ ዞረው ወደ ኋላ ይመለሳሉ፣ እንደገና ከእኛ ጋር ይወጣሉ። እነሱ ተጨማሪ ኪሎሜትር አገኙ፣ እኛ ደግሞ ሰው አልጠፋብንም።

ፍጥነት የምንለካው በሰዓት ሳይሆን በወሬ ነው። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጡ መናገር ከቻላችሁ ፍጥነቱ ልክ ነው። ቃል በቃል እየቆራረጣችሁ ካወራችሁ ፈጥናችኋል። ይሄ የእኛ ፈጠራ አይደለም፣ አሠልጣኞችም ለቀላል ልምምድ የሚመክሩት ነው። እኛ ግን የወደድነው በሌላ ምክንያት ነው። ማውራት በማይቻልበት ፍጥነት ከሮጥን መገናኘታችን ምን ሊረባን ነው? ያንንማ እያንዳንዱ ሰው በየሰፈሩ ብቻውን ያደርገዋል።

የአገራችን ሰው ሯጭ ሲባል ወዲያው ሜዳሊያ ያስባል። ጥፋቱ የእነ ደራርቱ ነው እንዳልል፣ ደራርቱ ቱሉ ራሷ መጠበቅን አሳይታናለች። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቁን ስትወስድ ከመስመሩ ላይ ሆና ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየርን ጠበቀቻት። ተቃቅፈው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው ሜዳውን የዞሩት። ኦሊምፒክ ላይ የሚጠበቅ ሰው ካለ ጅማ ላይም ይጠበቃል።

ጅማ የኳስ ከተማ አይደለችም እንዴ? ሩጫ የአርሲ ነው ይባላል።

ኳስማ ኳስ ናት። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ሲወስድ የነበረውን ጩኸት ያየ ሰው አይከራከርም። በቆጂም የቀነኒሳና የጥሩነሽ አገር ናት፣ እሱንም አንክድም። እኛ ግን ከማንም ጋር አንወዳደርም። ቅዳሜ ጠዋት ሮጦ ከሰዓት ኳስ የሚያይ ሞልቶናል።

የት ነው የምትገናኙት? ባለፈው መጥቼ አጣኋችሁ።

ይቅርታ። ይሄ ጥፋት ብዙ ጊዜ የእኛ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዳ።

«ዩኒቨርሲቲው በር ጋ» ማለት ቀጠሮ አይደለም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ አንድ ግቢ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ግቢ አለ፣ ቴክኖሎጂው አለ፣ ግብርናው አለ፣ እያንዳንዱም በር አለው። አንድ ልጅ ግብርናው በር ላይ ቆሞ «ደርሻለሁ፣ የት ናችሁ?» ይላል፤ እኛ ዋናው በር ላይ ቆመን «እኛም ደርሰናል፣ የት ነህ?» እንላለን። ሁለታችንም እውነታችንን ነው። ከዚያ ወዲህ የምንገናኝበትን ቦታ ፎቶ አንስተን ግሩፑ ላይ እንለጥፋለን። ዛፉ፣ ሱቁ፣ ግድግዳው ይታያል። «በር» የሚባል ቃል ተከልክሏል።

ሰዓቱም ሌላ ጣጣ አለው። 12 ሰዓት ተኩል ስንል በሐበሻ አቆጣጠር ነው፣ ከንጋቱ። ሞኝ ነገር ይመስላል አይደል? ከውጭ የመጣ አንድ እንግዳ ግሩፑ ላይ «12:30» የሚለውን አንብቦ እኩለ ቀን አልፎ በቱታ መጥቶ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነበር። ስናገኘው እኛ ምሳ እየበላን ነው። ምሳውን ጋበዝነው፣ ሌላ ምን እናደርጋለን። አሁን «ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ በፈረንጅ 6 ሰዓት ተኩል» ብለን እንጽፋለን።

የሐበሻ ቀጠሮ የሚባለውንም ተውነው። 10 ደቂቃ እንጠብቃለን፣ ከዚያ እንነሳለን። የዘገየ ሰው መንገዱን ስለሚያውቅ ከመመለሻው ጀምሮ ይገጥመናል። ያረፈደ ሰው ሁልጊዜ ከፊት ለፊታችን ሲመጣ ማየት ደስ ይላል፤ ያሸነፈ ይመስላል።

ለምን ቅዳሜ? እሁድ አይሻልም?

እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ብዙ ነው። አርብ ጁምዓ አለ። ሌሎቹ ቀናት ሥራና ትምህርት። ቅዳሜ ቀረ። ቅዳሜን የሚያከብሩ ወንድሞችና እህቶችም ስላሉን ለእነሱ ረቡዕ አመሻሽ ላይ አጭር ሩጫ አለ። እዚያ የሚመጣው ሰው ጥቂት ነው፣ ወሬው ግን ይበልጣል፤ እውነቱን ለመናገር እኔ እሱን እመርጣለሁ።

በረመዳን ሰዓቱ ይቀየራል። ጾመኞቹ ከማፍጠሪያው አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብለው፣ በጣም ቀስ ብለው ሶምሶማ ይላሉ። ውኃው እንዲቀርብላቸው ነው፤ ጠዋት ሮጦ ቀኑን ሙሉ መጠማት አያዋጣም። ክርስቲያኖቹም አብረን እንሮጣለን፣ ከዚያ ተምር እንካፈላለን። ከዓመቱ ሩጫዎች ሁሉ የምናፍቀው ይሄን ነው። በሁዳዴ ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና እነሱ ናቸው እኛን «በባዶ ሆዳችሁ አትፍጠኑ» የሚሉን።

ሴት ነኝ። መምጣቱ ይመቻል?

ነይ። ግን «አይዞሽ ምንም የለም» ብዬ አላሳልፈውም፣ የሚያሳስብሽ ነገር እውነት ነውና።

ብቻዋን የምትሮጥ ሴት መንገድ ላይ የሚወረወርባትን ለከፋ እናውቀዋለን። «ማን እያባረረሽ ነው?» የሚለው ደግሞ ሳይታክታቸው የሚደጋግሙት ቀልድ ነው። በቡድን ሲሆን ይሄ በጣም ይቀንሳል። ከቤትሽ እስከ መገናኛው ያለው መንገድ ግን ይቀራል። ለዚህ ሴቶቹ ራሳቸው መላ አበጅተዋል፦ ሰፈር ለሰፈር ተደዋውለው ሁለት ሦስት ሆነው ይመጣሉ፣ ወይም አንድ ባጃጅ ይጋራሉ። ስትመጪ ከእነሱ አንዷን ጠይቂ፣ ወንዶቹን ሳይሆን።

ልብስ የሚመችሽን ልበሺ። ሒጃብ ለብሰው የሚሮጡ አሉ፣ በቀሚስ ሥር ቱታ የሚያደርጉ አሉ፣ በታይት የሚሮጡም አሉ። ማንም ስለማንም አይናገርም። የተናገረ አንድ ሰው ነበር፣ ሁለተኛ አልመጣም።

ፎቶ ላይ ደግሞ አንድ ሕግ አለን። ሳይጠየቅ የማንም ፊት ግሩፑ ላይ አይወጣም። ቤተሰቧ እንድትሮጥ የማይፈልግ ልጅ አለች፣ «አሞኛል» ብሎ ከሥራ የቀረም አለ። ሁለቱም የራሳቸው ጉዳይ ነው።

ጅሬን ዳገት ያን ያህል አስፈሪ ነው?

ነው። ስለሱ ሰው ቀድሞ ቢያወራላችሁ ይሻላል።

የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው መሃል ሰባት ኪሎሜትር ገደማ ይርቃል፣ ጅሬን ኮረብታ ላይ። ዳግማዊ አባ ጅፋር የኖሩበት ይህ ቦታ አገሩን ቁልቁል ያሳያል፣ ለሯጭ ግን አያዝንም። በቁመታቸው የሚወራላቸው ሰው ነበሩ፤ ያ እግር ካለ ዳገቱ ምናቸው ነው እንላለን ስናቃስት። በወር አንዴ ነው የምንወጣው። አዲስ ሰው ካለ ግማሹን መንገድ በባጃጅ እንሄድና ከታች እንጀምራለን።

ዳገቱ ላይ ሁሉም ሰው ይራመዳል። ፈጣኖቹም ጭምር፣ ምናልባት ሁለቱ ሲቀሩ። በእግር መሄድ ሽንፈት አይደለም፤ እንዲያውም ከሩጫው ሁሉ ጨዋታ የሚደራው እዚያ ላይ ነው። ማንም መፍጠን ስለማይችል ሁሉም እኩል ይሆናል። ዶክተሩም፣ ተማሪውም፣ ባለ ሱቁም እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «እስኪ ትንሽ እንቁም» ይላል። እኔ አሁን የቅርብ ጓደኛ የምላቸውን ሁለት ሰዎች ያወቅኋቸው በዚያ ዳገት ላይ ነው፣ አንደኛው ውጋት ይዞት ጎኑን ሲጫን።

ውጋት ሲይዝ ቀስ በሉ፣ ያመማችሁን ቦታ በጣታችሁ ጫን አድርጉ፣ ረዥም ትንፋሽ አውጡ። ደረት ላይ የሚጫን ወይም ወደ እጅ የሚሄድ ሕመም ከሆነ ግን ቁሙ፣ ለሰው ተናገሩ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እዚህ ላይ ጀግንነት አንፈልግም።

አታላዩ መውረጃው ነው። ሰው ዳገቱን ጨረስኩ ብሎ ቁልቁለቱን ይለቀዋል። ቁልቁል ስንሮጥ የጭናችን ጡንቻ እየተለጠጠ ነው ክብደታችንን የሚይዘው፣ ፍሬን እንደሚይዝ መኪና ማለት ነው። ሕመሙም ያን ዕለት ሳይሆን በማግስቱ፣ አንዳንዴም በሦስተኛው ቀን ይመጣል። ሰኞ ዕለት ደረጃ በጎኑ የሚወርድ ሰው ካያችሁ ቅዳሜ ጅሬን ነበር።

ዝናብ ቢዘንብስ?

ጅማ እኮ ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብበት ከተማ ዝናብ ጠብቀን ብንቀር ክረምቱን ሙሉ ላንገናኝ ነው። ካፊያ ከሆነ እንሮጣለን። መብረቅ ካለ በረንዳ ሥር ቆመን ወሬ እናወራለን፣ ካባራ እንሮጣለን፣ ካላባራ ወደ ቡና።

ችግሩ ዝናቡ ሳይሆን ቀዩ ጭቃ ነው። ጫማ ሥር ይለጠፍና ተረከዝ ያለው ጫማ ያደረጋችሁ ይመስላል። በክረምት አስፋልቱን አትልቀቁ። የረጠበ ጫማ ከሰል ማንደጃ አጠገብ አታድርጉ፣ ማስቲሹ ይለቃል። ውስጡን ገበር አውጥታችሁ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፣ እስከ ማታ ውኃውን ይመጥጠዋል።

ጫማ ውድ ነው። በምን ልሩጥ?

ባላችሁ። ከእኛ ግማሾቹ የሰልባጅ ጫማ ነው የሚያደርጉት። ስትገዙ ሶሉን በእጃችሁ እጠፉት፣ ከጣቶቹ ሥር መታጠፍ አለበት፤ መሃሉ ላይ እንደ ካርቶን የሚታጠፍ ከሆነ አልቆለታል። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ነበር የምትሉን፣ እናውቃለን። የሮም መንገድ ላይ ግን የጅማ ኮረት አልነበረም።

ውሻና ጅብ አይኖርም?

ጎህ ሳይቀድ ከሄዳችሁ ሁለቱም ይኖራሉ። 12 ሰዓት ተኩል ያልነው ለዚህ ነው፣ ብርሃን ሆኗል። ውሻ ሲጮህ ሩጫ አቁሙና ተራመዱ።

ቁርስ በልቼ ልምጣ? ከሩጫው በኋላስ?

ለአንድ ሰዓት ሩጫ ብዙ መብላት አያስፈልግም። አንድ ሙዝ ወይም አንድ ብርጭቆ በሶ ከበቂ በላይ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ። ጩኮ ይዛ የምትመጣ እናት አለችን፤ ቅቤው ከሩጫ በፊት ይከብዳል፣ በኋላ ግን ማን ይቀድማል የሚባለው እሱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሩጫው 50 ደቂቃ ነው፣ ቡናው ሁለት ሰዓት። ጀበና ቡና የምታፈላ እህት አለች፣ ስንመጣ ስታየን በርጩማ ትደረድራለች። የጅማ በርጩማ ሦስት እግር ነው፣ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም አይንገዳገድም። የደከመ ሰው ይሄን ያደንቃል።

ሮጠው ወዲያው ባጃጅ ጠርተው የሚሄዱ አሉ። መብታቸው ነው። ግን «አራት ጊዜ መጣሁ፣ ከማንም ጋር አልተዋወቅሁም» የሚሉን ብዙውን ጊዜ እነሱ ናቸው። ላቡ ሳይደርቅ፣ ፀጉር ተንጨባሮ፣ አንደኛውን ስኒ ስትጠጡ ነው ሰው ማንነቱን የሚያወራው። ሥራ ያጣው ሥራ እንደሚፈልግ የሚናገረው እዚያ ነው። ቤት የሚከራይ ያገኘ ሰውም አለ። እስከ ሁለተኛው ስኒ ቆዩ። ሦስተኛው በረካ ነው፣ እሱን እንደ ጊዜያችሁ።

ሒሳብ ላይ በኃይል ነው የተደራደርነው። መጀመሪያ ሰሞን «እኔ ልክፈል፣ በእናትህ ተው» እየተባለ ትግል ነበር። ተማሪዎቹ ተራቸው ሲደርስ መቅረት ጀመሩ። አሁን ሁሉም የራሱን ይከፍላል፣ የሌለው ዝም ብሎ ይጠጣል፤ ማን እንደከፈለ አይጠየቅም።

ስሙን የረሳሁት ሰው ሰላም ሲለኝ ምን ልበል?

«ወንድሜ!» በሉ። ሁላችንም እንደዚያ ነን። አንድን ሰውዬ ለሦስት ወር «ሰማያዊ ቱታ» ስንለው ከርመን ቱታው ሲቀየር አጣነው።

ትዳር ይገኛል?

ሁለት ጥንዶች ወጥተዋል። ሽማግሌ ሲላክ «የት ተዋወቁ?» ተብሎ «ጅሬን ዳገት ላይ» የሚለው መልስ አባትየውን ትንሽ አስጨንቆ ነበር ይባላል። ለዚያ ብቻ የሚመጣ ሰው ግን ቶሎ ይታወቃል። ሩጫው ያንገሸግሸዋል።

አዲስ አበባ ታላቁ ሩጫ ላይ አብራችሁ ትሄዳላችሁ?

የቻልን እንሄዳለን። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ኪሎሜትር ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲሆን ያን ዕለት ያሸነፈው ራሱ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነበር። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎሜትር ገደማ ስለሆነ አርብ መነሳት ይሻላል። አውቶቡስ ውስጥ ሙሉ ቀን የተቀመጠ እግር በማግስቱ እንጨት ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ልዩነቱ ይሰማችኋል። እዚህ ወሬ እያወራችሁ የምትሮጡበት ፍጥነት እዚያ ዝም ያሰኛችኋል። ቀስ ብላችሁ ጀምሩ።

ሁለተኛው መጠፋፋት ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተመሳሳይ ቲሸርት ለብሶ ሲቆም «ቀይ የለበስኩት እኔ ነኝ» ማለት ምን ያደርጋል? ስልክም ይጨናነቃል፣ አይገባም። ስለዚህ ከመለያየታችን በፊት ነው የምንቀጣጠረው፦ ከሩጫው በኋላ በስንት ሰዓት፣ የቱ ሕንፃ ሥር፣ የቱ ጥግ። ከሰዉ ጫፍ ራቅ ያለ ቦታ ነው የምንመርጠው፣ መግቢያው መስመር አካባቢ መቆም ስለማይቻል። አንዱ ሁልጊዜ ረዥም ዱላ ላይ የቡና ጆንያ ቁራጭ አስሮ ይመጣል። ጨርቁን ያየ የማያውቀን የጅማ ሰው ሁሉ «የኛ ልጆች!» ብሎ ይጠጋል፤ አምና ከጅማ ተነስተን አሥራ አንድ ሆነን ሄደን ምሳ ላይ አሥራ ዘጠኝ ነበርን።

አንዴ መጥቼ ጠፋሁ። መመለስ አፈርኩ።

ስንት ወር? እኔ ሰባት ወር ጠፍቼ ነበር። ሥራ በዛ፣ ከዚያ ጉልበቴን አመመኝ፣ ከዚያ ማፈሩ ራሱ ምክንያት ሆነ። ስመለስ የተዘጋጀ ሰበብ ይዤ ነበር። የመጀመሪያው ያገኘኝ ሰው «ዛሬ ከኋላ የምትሆነው አንተ ነህ፣ ተራህ ነው» አለኝ። ሌላ ጥያቄ አልነበረም።